ዝናቡ ወዴት ይሄዳል? አንድ ቅዳሜ በዋሽንግተን ሐይቅ ዳር

ሲያትል ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ወደ ፓይክ ፕሌስ ገበያና ወደ ስፔስ ኒድል ነው። ፎቶ ይነሣል፣ ዓሣ ሲወረወር ያያል፣ ቡናውን ጠጥቶ ይመለሳል። ክፋት የለውም። በዚህ ወር ግን እርስዎን ወደ ሌላ በኩል ልወስድዎት አስቤያለሁ። ምቹ ጫማ ያድርጉ፣ ኮፍያ ያለው ጃኬት ይያዙ። የምንሄደው የኛ ሰው በብዛት ወደሚኖርበት ወደ ደቡብ ሲያትል ነው። ከሬኒየር አቬኑ እንወርድና የዋሽንግተንን ሐይቅ ዳር ይዘን እስከ ሱዋርድ ፓርክ እንጓዛለን። መንገድ የሚመራን ደግሞ የዝናብ ውሃ ነው። ከጣሪያ ወርዶ የት እንደሚገባ እየተከተልን እንሄዳለን።

“ጎርፍ ምን የሚታይ ነገር አለው?” ይሉኝ ይሆናል። አይፈረድብዎትም፤ እኔም ከሦስት ዓመት በፊት እንዲሁ እል ነበር። ከኔ ግቢ የወጣ ውሃ አንድ የማከብራቸው አባት ቤት ገብቶ ነው ያስተማረኝ። እሱን መንገድ ላይ እነግርዎታለሁ።

ከአውቶቡስ ወርደን

7 ቁጥር አውቶቡስ ከመሀል ከተማ ተነሥቶ ሬኒየር አቬኑን ይዞ እስከ ሬኒየር ቢች ያደርሰናል። ባቡር የሚመርጡ ከሆነ በሬኒየር ቢች ጣቢያ ወርደው የሄንደርሰንን መንገድ ቁልቁል ይከተሉ። አንድ ማይል ያህል ቢሆን ነው። በመንገዱ ላይ የእንጀራ መሸጫ፣ ሐላል ሥጋ ቤት፣ የፀጉር ቤት ያያሉ። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ጆሮዎ ይገባል። ቡና ካማረዎት አሁኑኑ ይጠጡ፣ ሐይቁ ዳር ከደረስን በኋላ ብዙ ሱቅ የለም።

ዝናብ እየዘነበ ከሆነ ደግሞ እሰየው። ስለ ሲያትል ዝናብ ብዙ ይወራል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ሲደመር የአዲስ አበባው ከዚህኛው አያንስም። ልዩነቱ አወራረዱ ላይ ነው። የኛው ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዶፉን ያወርድና መስከረም ላይ ያባራል። የዚህኛው ግን ከጥቅምት እስከ መጋቢት እያካፋ ይከርማል። ሰው “ካፊያ ነው” ብሎ ይንቀዋል። ያ ካፊያ ግን መሬቱን ወራት ሙሉ ያረጥበዋል፤ ያን ጊዜ አንድ ቀን ደህና ዝናብ ሲመጣ አፈሩ የሚጠጣበት ቦታ ያጣል።

አሁን ዝቅ ብለው የአስፋልቱን ጠርዝ ይመልከቱ። ብረት ፍርግርግ ያለው ጉድጓድ አለ። ከቤቶቹ ጣሪያ በአሸንዳ የወረደው፣ ከመኪና ማቆሚያው የተንሸራተተው፣ ከአስፋልቱ የታጠበው ሁሉ እዚያ ይገባል። እዚህ አገር ስመጣ ከዚህ ጉድጓድ በታች ትልቅ ማጣሪያ ያለ ነበር የሚመስለኝ። “አሜሪካ አይደል!” ብዬ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የሲያትል ቱቦዎች ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። በአንዳንድ ሰፈር የዝናቡ ውሃና የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ በአንድ ቱቦ አብረው ሄደው ማጣሪያ ጣቢያ ይገባሉ። በሌላው ሰፈር ደግሞ የዝናቡ ቱቦ ለብቻው ነው፤ ያገኘውን ይዞ በቀጥታ ወደ ጅረት፣ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ባሕር ይወጣል። በብዙ ፍርግርጎች አጠገብ የዓሣ ሥዕል ያለበትና “ቆሻሻ አይጣሉ፣ ውሃው ሐይቅ ይገባል” የሚል ምልክት የሚያዩት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት በራችን ላይ መኪና ስናጥብ የነበረውን ያስቡት። እኔም ዓመታት ሙሉ አጥቤያለሁ። ባልዲ ሙሉ አረፋ፣ ሙዚቃ ከፍቼ፣ ልጆቹ ቱቦ ይዘው እየተራጩ። አረፋው ቁልቁል ወርዶ ፍርግርጉ ውስጥ ሲገባ “ጠፋ” ብዬ ነበር የማስበው። ሳሙና ያለበት ውሃ ወደ ዝናብ መውረጃ መልቀቅ ክልክል ነው። የዓሣን ስንጥብ ሳሙና ይጎዳል፤ “ተፈጥሯዊ ነው” ተብሎ የተጻፈበትም ቢሆን። የመኪና ማጠቢያ ቤቶች ውሃቸውን ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ ነው የሚልኩት። ቤት ማጠብ ግድ ከሆነብዎት መኪናውን ሣር ላይ ያቁሙትና አፈሩ ይጠጣው።

በቤርሳቤህ ስም የተጠራ መናፈሻ

ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሐይቁ ፊት ለፊታችን ይከፈታል። የቆምንበት መናፈሻ “ቢር ሼቫ ፓርክ” ይባላል። እኛ ከመጽሐፍ ቅዱስ “ቤርሳቤህ” ብለን የምናውቃት የእስራኤል ከተማ የሲያትል እህት ከተማ ስለሆነች ነው ስሙ የተሰጠው። በቤርሳቤህ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ይኖራሉ። ዝናብ ብርቅ በሆነበት በኔጌቭ በረሃ አፋፍ ያለች ከተማ ስሟ ዝናብ በማይጠፋበት አገር ሐይቅ ዳር መለጠፉን ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

በመናፈሻው በኩል አንዲት ትንሽ ጅረት ወደ ሐይቁ ስትገባ ያያሉ። ሜፕስ ክሪክ ትባላለች። ለረጅም ጊዜ ከመሬት በታች በቱቦ ነበር የምትሄደው። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ነው ከተማው ቱቦውን ከፍቶ የመጨረሻውን ክፍሏን ወደ ፀሐይ ያወጣት። ለምን ይመስልዎታል? ለጫጩት ዓሣ ነው። ቺኑክ የሚባለው የሳልመን ዓሣ በሴዳር ወንዝ ይፈለፈልና ወደ ባሕር ከመውረዱ በፊት በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ይቆያል። በክረምትና በጸደይ ወራት ጥልቀት በሌለው ውሃ ዳርና በጅረቶች አፍ ላይ ተጠግቶ ይመገባል፣ ከትልልቅ ዓሦችም ይደበቃል። የፒውጀት ሳውንድ ቺኑክ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ አደጋ ላይ ካሉ ፍጥረታት ተመዝግቧል። ስለዚህ ይህ ዳርቻ ለነዚያ ጫጩቶች እንደ ሕፃናት መዋያ ነው። ከፍርግርጉ የወጣው የኛ አረፋ የሚደርሰው እዚህ ነው ማለት ነው።

የኔ ሊሾ

እዚህ አግዳሚ ወንበር ላይ ትንሽ አረፍ እንበልና የገባሁትን ቃል ልፈጽም።

ቤታችን ከሐይቁ ራቅ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው። የታላቋ ልጃችን ምረቃ ሲደርስ የኋላው ግቢ አሳሰበን። ጭቃ ነው፣ ሣሩም አላማረበትም፣ የእንግዳ መኪና የሚቆምበት የለም። ባለቤቴም “አንድ ጊዜ ሊሾ ብናደርገው እኮ ለዘላለም እንገላገላለን” አለች። አንድ ሠራተኛ አመጣን፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀ። “ለገዛ ግቢህ? ግንብ እየሠራህ መሰለህ እንዴ!” አለኝ። በሁለት ቀን ውስጥ 900 ካሬ ጫማ ያህል መሬት ኮንክሪት ለበሰ። ምረቃው አማረ። ድንኳን ተተከለ፣ ከሃያ በላይ ሰው እስክስታ ወረደበት። ሁሉም “ግቢያችሁ እንዴት አምሯል!” አለን።

ኅዳር ላይ ሁለት ቀን ሳያቋርጥ ዘነበ። በሁለተኛው ቀን ማታ በራችን ተንኳኳ። ከታች በኩል የሚጎራበቱን አባት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ “ጋሼ” ነው የሚላቸው። ጃንጥላ የላቸውም፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሷል።

“ይግቡ ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?” አልኳቸው።

“አልገባም፣ ወለል አቆሽሽባችኋለሁ። ይልቅ አንተ ና፤ ባትሪ ካለህ ያዝ” አሉኝ።

ተከትያቸው ወረድኩ። ምድር ቤታቸው ውስጥ ውሃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። በአጥሩ ሥር ከኛ ግቢ የሚገባውን በባትሪው አሳዩኝ። ቦይ የተማሰለት ይመስል ተሰብስቦ ይወርዳል። ወለሉ ላይ አንድ ካርቶን ነበረ። ውስጡ የሟች ባለቤታቸው ፎቶዎች ናቸው፤ ከአዲስ አበባ በሱዳን በኩል በእጅ ይዘዋቸው የመጡት። አንዱ በአንዱ ላይ ተጣብቋል። ጋሼ አልተቆጡም። “ዕቃው ይደርቃል” ብቻ አሉ። ፎቶው ይደርቃል አላሉም።

ሒሳቡን በኋላ ሠራሁት። አንድ ኢንች ዝናብ በ1,000 ካሬ ጫማ ጠንካራ ነገር ላይ ሲወርድ 620 ጋሎን ያህል ውሃ ይሆናል። በኔ 900 ካሬ ጫማ ላይ 560 ጋሎን ማለት ነው፤ ከአሥር በርሜል በላይ። የጣሪያዬን አሸንዳም ሠራተኛው ወደዚያው ሊሾ ላይ ነበር የመለሰው። ያ ጭቃ ብዬ የናቅሁት መሬት ለካ ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ ሲጠጣልኝ ኖሯል።

ደንቡ ምን ይላል?

ጉዞአችንን እንቀጥል፣ እየሄድን እናወራለን። ከቢር ሼቫ ትንሽ እልፍ ስንል ፕሪቻርድ አይላንድ የሚባል የመዋኛ ዳርቻ አለ። “አይላንድ” ማለት ደሴት ነው። ዙሪያውን ቢያዩ ግን ደሴት የለም። ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1916 ሐይቁን ከባሕር ጋር የሚያገናኘው የመርከብ ቦይ ሲከፈት የዋሽንግተን ሐይቅ ዘጠኝ ጫማ ያህል ወረደ። ደሴቱ ከየብስ ጋር ተጋጠመ፣ የድሮው የሐይቁ መውጫ ብላክ ሪቨርም ደረቀ። በመካከል የቀረው ዝቅተኛ ቦታ ዛሬ ረግረግ ነው፣ አጠገቡ የሰፈሩ ሰው የሚያለማው የከተማ እርሻ አለ። ረግረጉን “ባዶ ቦታ” እንዳይሉት። ከዳገቱ የሚወርደውን ውሃ አቁሞ፣ ደለሉን አስቀርቶ ቀስ እያለ ለሐይቁ የሚያቀብል እሱ ነው።

ሐይቅ ዳር ቤት ያላቸው ሰዎች የሚኖሩበት ደንብ ከኛ ይለያል። ዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. በ1971 የውሃ ዳርቻ አስተዳደር ሕግ አወጣች፣ በ1972 ሕዝቡ በድምፅ አጸናው። ሕጉ የሚሸፍነው ባሕሩን፣ ትልልቅ ወንዞችንና ከ20 ኤከር ያላነሱ ሐይቆችን፣ እንዲሁም ከውሃው ጠርዝ 200 ጫማ ድረስ ያለውን መሬት ነው። 60 ሜትር ያህል ማለት ነው። ከዚያ በታች እያንዳንዱ ከተማ የራሱን የዳርቻ ደንብ ይጽፋል፣ ክልሉ መርምሮ ያጸድቃል። ቤት ከውሃው ምን ያህል ይራቅ፣ ዛፍ ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ፣ የግንብ መከላከያ ይሠራ ወይስ አይሠራ፣ የዝናብ ውሃው የት ይሂድ፣ ሁሉም እዚያ አለ።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ለራሱ መኖሪያ አንድ ቤት የሚሠራ ሰው ከዋናው የዳርቻ ግንባታ ፈቃድ ነፃ ሊሆን ይችላል። ከፈቃዱ ነፃ መሆን ግን ከደንቡ ነፃ መሆን አይደለም። ርቀቱንም፣ ዛፉንም፣ ውሃውንም የሚመለከተው ደንብ እንዳለ ይጸናበታል። “ፈቃድ አያስፈልግም” የሚል ሠራተኛ ግማሹን እውነት ነው የነገረዎት።

ታዲያ እንደኔ ዳገት ላይ ያለውስ? ለሱ የዝናብ ውሃ ደንቡ አለ። ነገሩ ከላይ እስከ ታች ሦስት ደረጃ ነው፣ ከፌዴራል እስከ ቀበሌ ቢሉት ይቀላል። የፌዴራሉ የንጹሕ ውሃ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሻሻል የከተሞች የዝናብ ቱቦ ፈቃድ እንዲያስፈልገው ተደረገ። ፈቃዱን የሚሰጠው የክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት “ኢኮሎጂ” ነው፣ ከፈቃዱም ጋር ግዴታ ያስከትላል። ከተማው ግዴታውን ለመወጣት ለነዋሪው ደንብ ያወጣል። በክልሉ መመሪያ አዲስና የታደሰ ጠንካራ ወለል 2,000 ካሬ ጫማ ሲደርስ የዝናብ ውሃ ግዴታዎች ይጀምራሉ፣ 5,000 ሲደርስ ይከብዳሉ። የሲያትል ደንብ ከዚህ ይጠብቃል፤ የኔም 900 ካሬ ጫማ አስቀድሞ መታየት የነበረበት ሆኖ ተገኘ። “ጠንካራ ወለል” ሲባል ጣሪያም፣ አስፋልትም፣ ሊሾም፣ መኪና እየነዱ የጠቀጠቁት ጠጠርም ይቆጠራል።

ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው። በመሬትዎ ላይ የወረደ ዝናብ በተቻለ መጠን እዚያው ይስረግ፤ መስረግ ካልቻለ ፍጥነቱ ይቀንስ፤ ቆሻሻ ይዞ ከሆነ ይጣራ። በግንባታ ጊዜ ደግሞ አፈርዎ ከግቢዎ አይውጣ። ውሃን ሰብስቦ በጎረቤት ላይ መልቀቅማ በሕግም ያስጠይቃል።

ከቴኒስ ሜዳው በታች

ሐይቁን በስተቀኝ ይዘን ሁለት ማይል ያህል ወደ ሰሜን ስንሄድ ሱዋርድ ፓርክ እንደርሳለን። ቀኑ ጥርት ካለ ወደ ኋላዎ ዞር ይበሉ፤ የሬኒየር ተራራ በረዶውን ለብሶ ከሐይቁ በላይ ተቀምጧል። መናፈሻው 300 ኤከር ያህል ነው። ዙሪያውን የሚዞረው የእግር መንገድ 2.4 ማይል ሲሆን ለሕፃን ጋሪም ለአረጋዊም ይመቻል። ውስጡ ያልተቆረጠ ጥንታዊ ጫካ አለ። ዝናብ እየዘነበ ጫካው ውስጥ ቢገቡ የሚወርድ ጎርፍ አያዩም። ቅጠሉ ይቀበላል፣ ሽበቱ ይቀበላል፣ አፈሩ ይጠጣል። ዱካው ዳር ያለውን መሬት ቢረግጡት ይለመልማል፤ እንደ ስፖንጅ።

መግቢያው ላይ የቴኒስ ሜዳና የመኪና ማቆሚያ ያያሉ። ከሥሩ ከ2 ሚሊዮን ጋሎን በላይ የሚይዝ ታንከር ተቀብሯል። በዚህ አካባቢ የዝናቡና የመጸዳጃው ቱቦ አንድ ስለሆነ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ቱቦው ሞልቶ ወደ ሐይቁ ይተፋ ነበር። አሁን ትርፉ እዚህ ይጠራቀምና ዝናቡ ሲያባራ ወደ ማጣሪያ ይላካል። ልጆች ከላይ ኳስ ይመታሉ። ገንዘቡ የወጣው ከነዋሪው ሒሳብ ነው፣ ከኔም ከጋሼም።

ዛሬ ልጆች የሚዋኙበት ይህ ሐይቅ በ1950ዎቹ ሌላ ነበር። በዙሪያው ያሉ ከተሞች ፍሳሻቸውን አጣርተው ይለቁበታል፤ የተጣራው ግን ፎስፈረስ ነበረበት። ፎስፈረስ ለእርሻ ማዳበሪያ እንደሆነው ሁሉ ለውሃ አረንጓዴ ዝቃጭም ማዳበሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቶማስ ኤድመንድሰንና ባልደረቦቹ አስጊውን አልጌ በሐይቁ ውስጥ አገኙ። በ1958 ሕዝቡ በመጀመሪያው ድምፅ እምቢ አለ፣ በዚያው ዓመት በድጋሚ ሲጠየቅ ተስማማ፣ “ሜትሮ” የሚባል የጋራ ድርጅት ተቋቋመ። ከ1963 እስከ 1968 ፍሳሹ ከሐይቁ ተወሰደ። በ1960ዎቹ አጋማሽ አንድ ሜትር እንኳ ወደ ታች የማያሳይ የነበረው ውሃ ጠራ። ጣናን በእምቦጭ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ጣና ላይ እምቦጭ ከታየበት ከ2011 ወዲህ ስንት ሺህ ገበሬ በእጁ ሲነቅል ኖሯል! ከመሬት ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ እስካለ ድረስ አረሙም ምግብ አያጣም።

ፍሳሹ ተወሰደ፣ የጎዳናው ውሃ ግን ቀረ። በምዕራብ ሲያትል ሎንግፌሎ ክሪክ በምትባል ጅረት ኮሆ ሳልመን ከባሕር ተመልሰው እንቁላላቸውን ሳይጥሉ ይሞቱ ነበር፤ ዝናብ በዘነበ ማግሥት፣ ሆዳቸው እንቁላል እንደሞላ። ተመራማሪዎች ዓመታት ፈለጉ። ምክንያቱን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አሳተሙት፦ የመኪና ጎማ ነው። ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመር 6ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ከአየር ጋር ሲገናኝ ወደ ሌላ መርዝ ይቀየራል፣ የተፋቀው የጎማ ብናኝ አስፋልት ላይ ይቀመጥና ዝናብ ያጥበዋል። ስንቶቻችን ታክሲና ኡበር እየነዳን ልጅ እንደምናሳድግ ያውቃሉ። ጥፋተኛ እየፈለግሁ አይደለም፣ ጎማ የሌለው መኪና የለም። የሚገርመው ሌላው ነው። ያንኑ የጎዳና ውሃ በአሸዋ፣ በኮምፖስትና በዛፍ ልጣጭ ድብልቅ ውስጥ ሲያሳልፉት ዓሦቹ ሳይሞቱ ቀሩ። ተራ የሚመስል አፈር ነው ያዳናቸው።

ያስነሣነው ሊሾ

ወደ ቤታችን ልመለስ። ጋሼ ለከተማው መደወል ይችሉ ነበር፣ አልደወሉም። የደወልነው እኛው ነን። ቅጣት ፈርተን ነበር። የሰማን ሰው ግን ቅድሚያ የጠየቀን ውሃው እስካሁን ወደ ጎረቤት ይወርድ እንደሆነ ነው። ከሊሾው ግማሽ ያህሉን አስነሣን። ለማስነጠፍ ካወጣነው ለማስነሣት ያወጣነው በለጠ። መኪና በሚቆምበት ውሃ የሚያሳልፍ ጡብ አነጠፍን፣ ከታች በኩል የዝናብ አትክልት ቦታ ቆፈርን።

የዝናብ አትክልት ማለት ጎድጎድ ያለ መደብ ነው። አሸዋና ኮምፖስት ይሞላል፣ እርጥበትንም ድርቀትንም የሚችል የአገሩ ተክል ይተከልበታል። አሸንዳው ወደ እሱ ይመራል። ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 10 ጫማ መራቅ አለበት። ውሃው በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መስረግ አለበት፣ አለበለዚያ ትንኝ ይፈለፈልበታል። ገደላማ ቦታ ላይ ባለሙያ ሳያይ አይቆፈርም፤ ውሃ የጠጣ ዳገት ይናዳል። ከመቆፈር በፊት 811 ይደወላል፣ የጋዝና የመብራት መስመሩን መጥተው ያመለክታሉ።

ጋሼም ሥራውን ከአጥሩ ወዲያ ቆመው አዩ። “ጎጃም እያለን አባቴ እርሻው ላይ ፈሰስ ያወጣ ነበር። ውሃን አትከልክለው፣ መንገድ ስጠው ይለን ነበር” አሉኝ። ፎቶዎቹን ባለቤቴ አንድ በአንድ እያላቀቀች በጋዜጣ ላይ አደረቀቻቸው። አሥራ አንዱ ተረፉ።

እርስዎስ የት ነዎት?

ይህን የሚያነቡት ሜሪላንድ ሆነው ከሆነ፣ እዚያም ከ1984 ጀምሮ ከቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥና ሞገድ ከሚደርስባቸው ወንዞች 1,000 ጫማ ድረስ ያለው መሬት በልዩ ሕግ ይጠበቃል። ከውሃው 100 ጫማ ያለው ዳርቻ ደግሞ ዕፅዋቱ እንዳይነካ ነው። ስሙና ቁጥሩ በየአገሩ ይለያያል፣ ጥያቄው ግን አንድ ነው። ግቢ ከመንካትዎ በፊት፦

ቤት ሲገዙ ከውሃ ዳር ያለውን ርቀት ብቻ ሳይሆን ከላይና ከታች ያለውን ጎረቤትም ይዩ። ከተቻለ በዝናብ ቀን ሄደው ግቢውን ይጎብኙ።

ሠራተኛው “ፈቃድ አያስፈልግም” ካለዎት፣ ራስዎ ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቁ። በሲያትል አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ ክፍያ የለውም። መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ሲያትል ውስጥ ቤት ካለዎት ከፕሮፐርቲ ታክስ ወረቀቱ ላይ የዝናብ ውሃ ክፍያውን ይፈልጉ። ብዙዎቻችን ሳናውቀው እንከፍላለን። ስለ ሬይንዋይዝ ፕሮግራምም ይጠይቁ፤ በተወሰኑ ሰፈሮች ለዝናብ አትክልትና ለውሃ ማጠራቀሚያ ወጪ ይመልሳል።

ለሣር ማዳበሪያ ከመግዛትዎ በፊት ሽፋኑን ያንብቡ። በዋሽንግተን ስቴት ከ2013 ጀምሮ ፎስፈረስ ያለው የሣር ማዳበሪያ፣ አዲስ ሣር ከመዝራት ወይም አፈሩ ተመርምሮ ጉድለት ከመገኘቱ በቀር፣ የተከለከለ ነው።

በርዎ ላይ ያለው ፍርግርግ በቅጠል ሲደፈን ከላይ ያለውን በመጥረጊያ ያንሡ። ዘይት፣ ቀለም፣ የምጣድ እጣቢ አይድፉበት።

ጉዞአችን እዚህ ያበቃል። ከሱዋርድ ፓርክ በር 50 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ባቡር ጣቢያ ይመልስዎታል። ልጆች ይዘው ከመጡ ሐይቁ ዳር ትንሽ ያጫውቷቸው፣ ድንጋይ ይወርውሩ።

ባለፈው ኅዳር እንደገና ሁለት ቀን ዘነበ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ሁለቴ ተነሥቼ ከመስኮት ሆኜ የአትክልቱን ቦታ አየሁ፤ ውሃው ሞልቷል፣ ግን አልፈሰሰም። ንጋት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው።

“እንዴት አደራችሁ? ምድር ቤት ወርጄ ነበር” አሉኝ።

“እህ ጋሼ?”

“ደረቅ ነው። ተኛ አሁን” ብለው ዘጉት።